መሄድና መመለስ፤ የዱራሜዋ ሎዛ አበራ

በሆሳዕና «ሄደ» ለሚለው ግስ መድረሻ አይጠየቅለትም። «ልጅህስ እንዴት ነው?» የተባለ አባት «ሄደ» ብሎ ከመለሰ፣ «ወዴት?» ብሎ የሚቀጥለው ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ብቻ ነው። የሄደው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው። በሾኔም፣ በዶዮገናም፣ በአንጋጫም፣ በሺንሺቾም፣ በዱራሜም እንዲሁ ነው፤ ቋንቋው ከሀድይኛ ወደ ከምባትኛ ይለወጥ ይሆናል እንጂ የግሱ ትርጉም አይለወጥም። ዛሬ ለአንባቢ ላወጋ ያሰብኩት ይህንኑ ግስ በሌላ መልክ ስላረባች አንዲት የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። ስለ እርሷ ለመናገር ግን አስቀድሞ ስለ መሄድ መናገር ግድ ይላል።

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው፣ ኋላም ስሟን ከሆሳዕና በዓል የወሰደችው ከተማ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ከዚያ በፊት ግን በሌላ ነገር ትታወቅ ነበር። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች በሞያሌ አድርገው፣ ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጠው፣ በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ በኩል ወደ ጆሃንስበርግ የሚወርዱበትን ረጅም መንገድ ከፈቱ። ይህን ፍልሰት ለዓመታት ያጠናው ደረጀ ፈይሳ እንደጻፈው፣ ጉዳዩ የድህነት ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን ከካናዳ የመጣ አንድ ሰባኪ በሆሳዕና ተገኝቶ፣ የአገሩ ልጆች ወደ ደቡብ እንደሚሄዱና በበረከት እንደሚጎበኙ ተናግሮ ነበርና፣ ብዙዎች ጉዞውን የትንቢት ፍጻሜ አድርገው ተቀበሉት። መሬት በጠበበበት፣ ከእንሰቱ ጓሮ የሚገኘው ለወንድማማቾች ሁሉ በማይዳረስበት አገር፣ ትንቢትና ችግር አንድ ላይ ሲመጡ ማን ያቆማቸዋል?

እንዲህ ሆኖ መሄድ ባህል ሆነ። የሄደ ልጅ ያሠራው ቤት ከሩቅ ይታወቃል። የሄደ ልጅ ያላት እናት በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም የምትቀመጥበት ስፍራ ሌላ ነው። በአንጻሩ መመለስ የሚያሳፍር ነገር ሆነ። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ያልሄደ ያህል እንኳ አይከበርም፤ ያልሄደው ገና ተስፋ አለውና። ይህም መንገድ በአብዛኛው የወንዶች መንገድ ነበር። ሴት ልጅ የምትሄደው ወይ ወደ ዓረብ አገር የሰው ቤት ለመሥራት ነው፤ ወይም አስቀድሞ ለሄደው ሰው ሙሽራ ሆና ነው። በገዛ እግሯ ችሎታ ተጠርታ የምትሄድ ሴት ልጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አልተዘጋጀላትም ነበር።

✻

ከሆሳዕና ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ በበጓ ከታወቀችው ዶዮገና አልፎ የሀምበሪቾ ተራራ ይታያል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ ለከምባታ ሕዝብ የትውልድ መነሻና የጥንት ነገሥታቱ መቀመጫ ነው። ሰባቱ የሀምበሪቾ ቤቶች እየተባሉ የሚጠሩት ጎሣዎች የትረካቸው ሐረግ የሚመዘዘው ከዚያ ነው። ዛሬ ወደ ራሱ የሚያስወጡ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል። ከተራራው ወዲያ ያለችው ዱራሜ የከምባታ ዞን መቀመጫ ናት፤ ጠበብ ያለች፣ ሰው የበዛባት፣ ዙሪያዋ እንሰት የሆነ ከተማ።

ሎዛ አበራ በዚህች ከተማ መስከረም 22 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1997) ተወለደች። ቀኑን የሚያስተውል ሰው አንድ ነገር ያያል፤ መስቀል ካለፈ ገና አምስተኛው ቀን ነው። በከምባታ መስቀል መሳላ ይባላል፤ የአንድ ቀን በዓል ሳይሆን የሰሞን በዓል ነው። ጎረቤቱ ሀዲያ ደግሞ ያሆዴ ይለዋል። በመሳላ የተበተነው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል፤ አዲስ አበባ ያለው ይመጣል፣ ሐዋሳ ያለው ይመጣል፣ የተጣላው ይታረቃል። በመመለሻ ሰሞን የተወለደች ልጅ ናት ብንል ያጋነንን አይመስለኝም።

ዕድሜዋ ሰባት በሞላበት ሰሞን፣ በመስከረም 1997 ዓ.ም.፣ ሉሲ የሚባለው የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በታሪኩ ከፍተኛውን ውጤት አስመዘገበ። በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በናይጄሪያ ተሸነፈ፤ ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ተጫውቶም በመለያ ምት ተረትቶ አራተኛ ሆነ። ውድድሩ የተካሄደው የት እንደነበር ማስታወስ ደግ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ነበር። የሀዲያና የከምባታ ወንዶች ድንበር እየተሻገሩ በሌሊት በሚገቡበት በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ባንዲራ ይዘው በቀን ገብተው፣ ኳስ ተጫውተው ተመለሱ። ከዚያ በተመለሰው ቡድን ላይ ብዙ አልተጻፈም። የዱራሜ ልጆችም ወሬውን ሰምተውት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ሁለቱ መንገዶች በአንድ አገር ላይ መገናኘታቸው ችላ የሚባል ነገር አይደለም።

✻

በዚያን ዘመን በእንዲህ ያሉ ከተሞች ኳስ የምትወድ ልጃገረድ የምትጫወተው ከወንዶች ጋር ነበር፤ የሴቶች ቡድን የለምና። እናት የምትቆጣው ስለ ኳሱ ሳይሆን ስለሚቆየው ውኃና ስለሚበላሸው ልብስ ነው። ከዚያ ሜዳ ወጥቶ ወደ ክለብ ለመግባት ከተማ መለወጥ ያስፈልጋል። ሎዛም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ወደ ሐዋሳ ሄደች፤ በሐዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድንም ስሟ መሰማት ጀመረ። ይህ የመጀመሪያው መሄድ ነው። ርቀቱ ትንሽ ነው፤ ለአንዲት ከቤት ያልራቀች ልጅ ግን ከመሄድ ሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ ወደ ደደቢት አመራች። በደደቢት ያሳለፈቻቸው ዓመታት የአገር ውስጥ ዝናዋ የተሠራባቸው ናቸው። በተከታታይ የውድድር ዘመናት የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነች፤ ክለቧም ዋንጫ በዋንጫ ላይ ደረበ። ጨዋታዋን የተመለከተ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ፤ ግብ ክልል ውስጥ አትቸኩልም። ብዙ አጥቂ ኳሱ ሲደርሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል፤ እርሷ ግብ ጠባቂዋ የትኛው እግሯ ላይ እንደቆመች አይታ ነው የምታስቀምጠው።

እዚህ ላይ ስለ ወንዶቹ ጥቂት እንበል። ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች ውጭ አገር የተጫወቱበት ታሪክ አጭር ቢሆንም የሚወሳ ነው። ፍቅሩ ተፈራ የተጫዋችነት ዘመኑን አብዛኛውን ከአገር ውጭ ያሳለፈ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲመረቅ የሊጉን የመጀመሪያ ግብ በኮልካታ ያስቆጠረው እርሱ ነበር። ሳላዲን ሰኢድ በግብፅ ለዋዲ ደግላና ለአል አህሊ፣ ኋላም በአልጄሪያ ተጫውቷል። ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄዷል። የሐዋሳው ሽመልስ በቀለ ደግሞ ለዓመታት በግብፅ ሊግ ቆይቶ ራሱን እንደ አገሬው አድርጎ አኑሯል። በእነዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንድ የጋራ መለኪያ አለ፤ ስንት ዓመት ውጭ ቆየ? ቆይታው ሲረዝም ተጫዋቹ ይተልቃል፤ ሲያጥር «አልተሳካለትም» ይባላል። ይህ መለኪያ ከሆሳዕናው መለኪያ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢ ሳይታዘብ አልቀረም። ቤት የሚያሠራው የቆየ ነው፤ የተመለሰ ግን የከሰረ ነው።

ሎዛ አበራ በዚህ መለኪያ ብትለካ ታሪኳ በአጭሩ ባለቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ስዊድን ሄዳ ከጎተንበርግ በስተደቡብ ያለችው ትንሽ ከተማ ክለብ የሆነውን ኩንግስባካን ተቀላቀለች። ክለቡ በዚያ ዓመት በሁለተኛው ደረጃ ሊግ ይጫወት ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻም ወደ ከፍተኛው ሊግ አለፈ። እርሷ ግን ከክለቡ ጋር ወደ ላይ አልወጣችም፤ ወደ አገሯ ተመለሰች። በ2011 ዓ.ም. ከአዳማ ከተማ ጋር ተጫውታ፣ አዳማ የሊጉን ዋንጫ አነሳ።

ይህ የመጀመሪያው መመለስ ነው። በዱራሜ ሚዛን ምን ይባል ይሆን? አውሮፓ ደርሶ መመለስ! አንድ ወጣት ከጆሃንስበርግ በሦስት ወሩ ቢመለስ መንደሩ የሚያወራውን እናውቃለን። ሎዛ ግን ተመልሳ የሠራችው ሥራ ለወሬ ጊዜ አልሰጠም፤ ዋንጫ አንስታ፣ ከዚያም እንደገና ሄደች።

✻

ሁለተኛው የአውሮፓ ጉዞዋ ወደ ማልታ ነበር። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ (እ.ኤ.አ. መስከረም 2019) ለቢርኪርካራ ፈረመች። ማልታ በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል የተቀመጠች ትንሽ ደሴት ናት፤ የእኛ አገር ሰው ግን ስሟን ያወቀው በእግር ኳስ አይደለም። ሰሃራን አቋርጠው፣ በሊቢያ እስር ቤቶች አልፈው፣ በጎማ ጀልባ ባሕር ላይ የወጡ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች፣ ዕድለኞቹ የሚደርሱባት፣ ያልታደሉት በውኃዋ የሚቀሩባት ደሴት ናት። ሎዛ ወደዚያች ደሴት በአውሮፕላን፣ በፓስፖርትና በፊርማ ገባች።

በዚያ የውድድር ዘመን 30 ግቦች አስቆጠረች፤ የማልታ ሴቶች ሊግ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነች፤ ክለቧም ሻምፒዮን ሆነ። ሊጉ ከአውሮፓ ታላላቅ ሊጎች የሚሰለፍ እንዳልሆነ መናገር ይገባል፤ ጥቂት ክለቦች ያሉት፣ በጠንካራውና በደካማው መካከል ያለው ርቀት የሰፋ ሊግ ነው። ነገር ግን ግብ የትም ቢሆን ግብ ነው፤ ሠላሳ ጊዜ ኳስን ከመረብ ያገናኘች እግር የትም አገር ትከበራለች።

ከዚያ መጋቢት መጣ። ኮሮና አውሮፓን ሲዘጋ የማልታም ሜዳዎች ተዘጉ፤ ውድድሩም በመካከል ተቋረጠ። በዚያው ወር፣ መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 2020)፣ በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር ከማላዊ የመጣ የጭነት መኪና እንዲቆም ተደረገ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ 14 በሕይወት ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሁለት ዓመት ተመንፈቅ ካለፈ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022፣ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ስልኮች ይደወላሉ፤ የማይነሳ ስልክ ያለበት ቤት እንቅልፍ የለውም። ድንኳን ለመትከል እንኳ እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል፤ እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ አስከሬን ያስፈልጋል።

ሁለቱን ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ ያስቀመጥኩት ለማነጻጸር አይደለም፤ ሞትና ግብ አይነጻጸሩም። ያስቀመጥኩት መንገዶቹ ከአንድ ምድር የሚነሱ ስለሆኑ ነው። በዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ኳስ የሚወድ፣ በሰፈሩ ሜዳ ስሙ የሚጠራ ወጣት አልነበረም ብሎ የሚምል ማን ነው? የተሰጥዖው ልዩነት አይደለም አንዱን በአየር፣ ሌላውን በኮንቴይነር የሚያስኬደው። ልዩነቱ በመካከል የቆመ ነገር ነው፤ ሐዋሳ ላይ አንድ የሴቶች ቡድን መኖሩ፣ አዲስ አበባ ላይ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ መኖሩ፣ ውጭ አገር ስም የሚያውቅ ሰው መኖሩ። ከዱራሜ እስከ ማልታ ያለው መንገድ በእነዚህ ድልድዮች የተሠራ ነው። ከሆሳዕና እስከ ጆሃንስበርግ ያለው መንገድ ግን የተሠራው በደላላ ነው።

✻

ከማልታም ተመለሰች። በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጫወተች። ሁለተኛው መመለስ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ፍሬውም ይበልጣል። ባንክ ተከታታይ የሊግ ዋንጫዎችን አነሳ። የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ በዚያው ጊዜ ተመሥርቶ ነበርና፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ሻምፒዮኖች አንድ ቦታ ለማግኘት በየዓመቱ ይፋለሙ ጀመር።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ባንክ እስከ ፍጻሜ ደረሰ፤ ሎዛም የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ነበረች። አዲስ ዓመት ሊብት ቀናት ሲቀሩት፣ በጳጉሜን፣ በኬንያው ቪሂጋ ክዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በሚቀጥለው ዓመት ታንዛኒያ ላይ ሦስተኛ ሆኑ። በ2015 ክረምት ኡጋንዳ ላይ ዳግመኛ ለፍጻሜ ደርሰው በታንዛኒያው ጄኬቲ ክዊንስ በመለያ ምት ተረቱ። ሦስት ዓመት በር ላይ መቆም ማለት ይህ ነው። የእግር ኳስ ወዳጅ እንደሚያውቀው፣ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ከመመለስ ይልቅ በር ላይ ደርሶ መመለስ ይከብዳል።

በብሔራዊ ቡድኑም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ሉሲ ከ1997ቱ አራተኛነት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ትውልድ፣ ሎዛ አምበልነቱን የተቀበለችበት ትውልድ፣ በማጣሪያ የቀረ ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ከናይጄሪያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተው ሕዝቡ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ሆነ። በግብ ብዛት የታወቀች ተጫዋች ታላቁን መድረክ ሳታይ ዓመታት አለፉ። ይህ የእርሷ ጉድለት አይደለም። አንድ አጥቂ የአገርን የሴቶች እግር ኳስ ብቻዋን አትሸከምም፤ ማሠልጠኛ፣ የታዳጊዎች ውድድር፣ ሜዳ፣ ደመወዝ፣ ሁሉም የየራሱ ትከሻ ይፈልጋል።

ለአብነት ወደ ራሳቸው ወደ እነዚህ ከተሞች እንመለስ። የሆሳዕናው ሀዲያ ሆሳዕና የወንዶች ቡድን በ2008 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ታይቶ ወዲያው ወረደ፤ በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ደጋፊው ሲዘምርለት የሰማ ሰው ከተማው ኳስ እንደሚወድ አይጠራጠርም። እንግዲህ ያ ሁሉ ፍቅር ባለበት ምድር ከዱራሜ የተነሳችው ልጅ ስሟን ለመትከል ሐዋሳ መውረድ፣ አዲስ አበባ መውጣት ነበረባት። ከእርሷ በኋላ የምትመጣው ልጅስ?

✻

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ሎዛ ሦስተኛውን ጉዞ ጀመረች። በአሜሪካ አዲስ ለተመሠረተ የሴቶች ሊግ፣ አዲስ ለተመሠረተ ክለብ፣ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈረመች። የክለቡ ሜዳ አውዲ ፊልድ በዋና ከተማዋ እምብርት ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአፍሪካ ውጭ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው፤ ሱቁ፣ ቡና ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የአገር ቤት ነው። ከዚህ በፊት የሄደችባቸው ከተሞች ማንም የማያውቃት ባዕድ ነበሩ፤ ይህኛው ግን በየመንገዱ «የኛ ልጅ» የሚላት የማይጠፋበት ከተማ ነው። እንዲህ ባለው ከተማ የሚኖር ስደተኛ ሁሉ የሄደ ነው፤ አብዛኛው «ዘንድሮ እመለሳለሁ» እያለ ዓመታት የቆጠረ ነው። ከፊቱ የተጫወተችው ልጅ ደግሞ ሄዳ የተመለሰች፣ ተመልሳ የሄደች ናት።

ከፈረመች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በዚያው ክረምት፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ንግድ ባንክ በፍጻሜው የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ አሸነፈ። ያ ሦስት ዓመት የተቆመበት በር ተከፈተ፤ ባንክም በ2017 ዓ.ም. ወደ ሞሮኮ ሄዶ በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተጫወተ። ከምድቡ ማለፍ ባይችልም ከኢትዮጵያ በመድረኩ የታየ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። ሎዛ አብራቸው አልነበረችም።

ይህን የሰማ ሰው «ወይ ዕድል!» ሊል ይችላል። እኔ ግን በዚህ ውስጥ ሐዘን ብቻ አላየሁም። ክለቡ ያለ እርሷ ማለፉ እርሷ የሌለችበት ሥራ መሆኑን አያሳይም፤ ይልቁንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ እንዳልቆመ ያሳያል። ከውጭ ተመልሶ የሚሠራ ሰው ሥራው እንዲህ ነው፤ ሲሄድ አብሮት የሚሄደው ገንዘቡና ስሙ ነው፤ ለሌሎች ያስተማረው ግን እዚያው ይቀራል። በአጠገቧ ለዓመታት የተለማመዱ ልጆች የኋላ ተከላካይን እንዴት እንደሚያታልሉ፣ ግብ ጠባቂን እንዴት እንደሚያነቡ ከማን እንደተማሩ መጠየቅ ነው።

የስፖርት ጸሐፊዎቻችን አንድ ልማድ አላቸው። የማልታው 30 ግብ በአንድ ትንፋሽ ይጠቀሳል፤ ለደደቢትና ለንግድ ባንክ ያስቆጠረቻቸው ግን በጥቅሉ «ብዙ» ተብለው ይታለፋሉ። ውጭ የተቆጠረ ግብ ቁጥር አለው፤ አገር ቤት የተቆጠረ ግብ ቁጥር የለውም። ይህ ከመንደራችን ሚዛን ጋር አንድ ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ የተላከ ገንዘብ በቤት ቁመት ይለካል፤ እዚያው ቀርቶ የእናቱን እንሰት የሚተክል ልጅ ሥራ ግን አይቆጠርም። እኔ እንደማየው የሎዛ አበራ የተጫዋችነት ዘመን ትልቁ ክብደቱ ያለው እዚያ ባልተቆጠረው ክፍል ነው። ሦስቱ የውጭ ጉዞዎች ስሟን አስጠርተዋል፤ ሁለቱ መመለሶች ግን ለሌሎች መንገድ ሠርተዋል።

እነሆ አሁን በሆሳዕናም ይሁን በዱራሜ አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን በሜዳው ዳር አስቀምጣ ከወንዶቹ መካከል ትገባለች እንበል። እናቷ ውኃው ቆየብኝ ብላ ትቆጣለች። ከሠፈሩ ሰዎች አንዱ ግን ቆም ብሎ ያያታል፤ «ይቺ ልጅ እንደ ሎዛ ትሄዳለች» ይላል። በዚያ ከተማ «ሄደች» የሚለው ግስ ይህን ያህል ዓመት ከደላላና ከሞያሌ ጋር ከኖረ በኋላ፣ አሁን ከኳስ ጋር መነሳቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

የምመኘው ግን ሌላ ነው። ከሰውዬው አጠገብ የቆመ ሌላ ሰው «ሄዳም ትመለሳለች» ብሎ ቢመልስለት፣ ማንም ቃሉን እንደ እርግማን ባይሰማው ነው።